የማክሰኞ ስኳር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ የሰው ጫማ ማስወለቅ ነበር። ከማዋለጃ ክፍል ተዛውሬ ኮልፌ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የመጣሁ ነርስ ነኝ። ስንቱን ሕፃን በእጄ የተቀበልኩ ሰው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ አዛውንቶችን ካልሲ ሳወልቅ ስውል ውስጤ ቅጥል አለ። ስናደድ ደግሞ ፊቴ ያሳብቃል፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ያልለቀቀኝ ጠባይ ነው።

የስኳር ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሀብቴ ነበሩ። ገና በሩን አልፌ ከመግባቴ፣ "ሲስተር ጽጌ፣ ትናንት ምሳሽን ምን በላሽ?" አሉኝ። "ሽሮ" አልኩ። "ከዚያስ?" አሉ። "ሻይ።" "ስንት ማንኪያ ስኳር? ከማን ጋር? ማን ከፈለ?" ሰላምታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምርመራ ኖሯል። ማን እንደከፈለ ማወቁ ለምን እንደሚጠቅማቸው ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው፣ "ጋባዥ ካለ ሁለተኛ ብርጭቆ አይቀርም" አሉኝ።

ያኔ የስኳር ታካሚ የሚታየው ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ ነው። የኮልፌ ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ሐኪሙን ለቅጽበት አይቶ ክኒኑን ይዞ ይመለሳል። ዶክተር ሀብቴ ስኳርን እዚሁ ሰፈር ውስጥ፣ በነርስ እጅ ማከም ይቻላል ብለው ተነሱ። የሙያ ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። እሳቸው ግን አንዲት ክፍል፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያና ግሉኮሜትር የሚባል አንድ የደም ስኳር መለኪያ ለምነው ጀመሩ። እኔ ስደርስ ክፍሉ ሞልቶ ኮሪደሩም አልበቃ ብሎ ነበር።

ሁሉን ነገር "ለምን?" ስለሚሉ የካርድ ክፍል ሠራተኞች "ዶክተር ለምን" ብለው ስም አውጥተውላቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። እንዲያውም አንድ ቀን የካርድ ክፍሉን ኃላፊ፣ "ግን ለምን እንደዚያ አላችሁኝ?" ብለው ጠይቀው ሰውየውን በሳቅ ገደሉት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ማክሰኞ የስኳር ቀን ነው። ታካሚው ቁርስ ሳይበላ ይመጣል። ካርዱ ወጥቶ ይመዘናል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ከዚያ እኔ ጣቱን በአልኮል ጠርጌ ወግቼ የደም ጠብታውን የግሉኮሜትሩ መመርመሪያ ወረቀት፣ ስትሪፑ፣ ላይ አስነካለሁ። ቁጥሩ ካርዱ ላይ ይሰፍራል። ቀጥሎ ጫማ ይወልቃል። በጣቶቹ መሀል፣ በተረከዙ፣ በውስጥ እግሩ ቁስል እንዳለ አያለሁ። በመጨረሻ ዓይኑን አስጨፍነውና የናይለን ክር ጫፍ ውስጥ እግሩ ላይ እጫናለሁ። ከተሰማው "አዎ" ይላል፤ ካልተሰማው ነርቩ ተጎድቷል። ለዚህ ሥራ የተሠራው ክር ውድ ስለነበር ዶክተር የዓሣ ማጥመጃ ክር ገዝተው፣ ውፍረቱን አስተካክለው፣ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ሰክተው ራሳቸው ሠርተውታል። ከሳምንት በኋላ ጫማ ማስወለቁ ተራ ሥራ እንዳልሆነ ገባኝና ንዴቴ በረደ።

አንድ ልማድ ግን ከሌላ ክፍል ይለየን ነበር። ስኳሩ ከመቶ ሠላሳ በታች የሆነ ታካሚ ስሙ ይጠራል፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ያጨበጭብለታል። የዶክተር ሀብቴ ፈጠራ ነው። "የሚቆጡት ታካሚ ይጠፋል፤ ያከበሩት ይመለሳል" ይሉ ነበር። እውነትም ቀጠሮ የሚያሳልፍ ጠፋ። እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ነጋዴዎች ካፖርታቸውን ቦርሸው ይመጣሉ። ክፍሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰርግ ቤት ነበር።

የዚያ ሰርግ ሙሽራ አቶ ሸረፋ ነበሩ። ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ሱቅ ያላቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱሪ ሲሰፉ እጥፋቱ ምላጭ ነው ይባልላቸዋል። ስኳራቸው መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አምስት፣ መቶ አሥራ ስምንት፤ ከዚያ አያልፍም። ስማቸው ሲጠራ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ የዶክተር ልፋት ነው" ይላሉ። ዶክተር ሀብቴ በዚያች ደቂቃ ፊታቸው ሲበራ ብታዩ!

ግን ቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር ቁስል ነበራቸው። የመስፊያ መኪናቸው ፔዳል የሚያርፍበት ቦታ ነው። ክሩን ስጫንባቸው አንዴም "አዎ" አላሉም። ይልቅ ዓይናቸውን ገልጠው ክሩን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣ "ሲስተርዬ፣ ይኼ እኮ ወፍራም ክር ነው፤ የፍራሽ መስፊያ ያህላል። እንዴት አልተሰማኝም?" አሉ። ያኔ ነው ደንገጥ ያሉት።

ቁስሉን ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ አጥባለሁ፣ የሞተውን ሥጋ አነሳለሁ፣ በጎዝ ፋሻ እሸፍናለሁ። አይድንም። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፣ እየጠለቀ ሄደ። የመስፊያ መኪናውን ይተዉ ስላቸው፣ "ልብስ ሰፊ በእጁ የሚሰፋ ይመስልሻል? በእግሩ ነው የሚሰፋው" ይሉኛል። በኋላ ጣታቸው አበጠ፣ ሽታ አመጣ፤ ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጎ አይቶ፣ ከዚያ የላክነውን ወረቀት አነበበ። "ስኳሩ መጥፎ ቢሆን ኖሮ 'መጀመሪያ ስኳሩን አስተካክሉና እንየው' እል ነበር" አለኝ። "የእኚህ ሰው ስኳር ግን ቆንጆ ነው። በዚህ ስኳር ያልዳነ ቁስል ወደፊትም አይድንም። ሕመሙ ወደ ላይ ሳይወጣ ከጉልበት በታች ቢቆረጥ ይሻላል።" ክፉ ሰው አልነበረም። በያዘው ወረቀት ላይ የሚፈርድ ማንም ሐኪም እንዲያ ይል ነበር።

አቶ ሸረፋ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። "እግሬን ወስደው እንጀራዬን በምን ልጋግረው ነው?" አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ታክሲ ወሰድኳቸው። እስከ ሰፈራችን፣ እስከ 18 ማዞሪያ ድረስ፣ አብረን መጣን።

ዶክተር ሀብቴ ነገሩን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አደረጉ። "ለምን?" አሉ። "የእግሩን የደም ሥር በጣቴ ዳስሻለሁ፤ ጥሩ ይመታል፤ ደም ይደርሳል። ስኳሩ ጥሩ ነው። ቁስሉን በሥርዓት ታጥቢያለሽ። ታዲያ ለምን አይድንም?" ለቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ደውለው ጥቂት ሳምንት እንዲታገሳቸው ለመኑት። ኢንፌክሽኑ ከባሰ ሳይጠብቁ እንዲልኩ አስጠንቅቆ ተስማማ። ለአቶ ሸረፋ ጠንከር ያለ መድኃኒት አዘዝንላቸውና በአንድ ቀን ልዩነት እየመጡ እንዲታጠቡ አደረግን።

ከዚያ ዶክተር ሀብቴ መርማሪ ፖሊስ ሆኑ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ግሉኮሜትሩን ነው። የራሳቸውን ጣት ወግተው ለኩ፤ የእኔን ወግተው ለኩ፤ ደማችንን ላቦራቶሪ ልከው አስተያዩ። መሣሪያው ደህና ነው። ቀጥሎ ስትሪፑ እርጥበት ነክቶት እንደሆን አዩ። ደህና ነው። የአቶ ሸረፋን ጫማ ውስጡን በባትሪ መረመሩ፤ አሸተቱትም። "ዶክተር፣ እሱስ ይቅርብዎት" አልኳቸው። ዛሬ የሦስት ወሩን የስኳር መጠን በአንዴ የሚያሳየው ምርመራ አለላችሁ፤ ያን ጊዜ በእኛ ቤት አልነበረም። የነበረን የማክሰኞ ጠዋት ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሱሪ አጣጥፈው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው መጡ። "ግሉኮሜትሩን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ተነሽ። ሱሪ ላሳጥር ነው" አሉኝ። ሱሪውን አየሁት፤ እንኳን ሊረዝም ያጥራቸዋል። ነገሩ ገብቶኝ ተከተልኳቸው።

የአቶ ሸረፋ ሱቅ ጠባብ ናት። የመስፊያ መኪናዋ፣ የከሰል ካውያ፣ ጨርቅ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ለደንበኛ ሁለት በርጩማ። ከጀርባው መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ቤታቸው ነው። ሲያዩን በደስታ ዘለው ሊነሱ ሲሉ እግራቸውን ይዘው ተቀመጡ። "ዶክተር! እኔ ቤት! ያ ሙኒራ፣ ሻይ አምጪ፣ ዶክተር መጥተዋል!"

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙኒራ ፔርሙስና ብርጭቆ ይዘው ወጡ። ሻዩ ስኳር ገብቶበት የተፈላ ነው፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። ለዶክተር ተቀዳ፣ ለእኔ ተቀዳ፣ ለአቶ ሸረፋም ተቀዳ። እሳቸውም ወጉን እያወጉ ጨለጡት። ወዲያው አንድ ሰው ጃኬት ሊያስጠግን ገባ። ለሱም ተቀዳለት፤ አቶ ሸረፋም ደገሙ። እሱ ሳይወጣ የዩኒፎርም ጨርቅ የያዘች እናት ገባች። ሦስተኛው ተቀዳ። ዓይኔን ወደ ዶክተር ወረወርኩ። እሳቸው ጉዳዬ ሳይሉ የሱሪያቸውን እግር እያስለኩ ነበር።

ሴትየዋ ስትወጣ ዶክተር፣ "አቶ ሸረፋ፣ ለደንበኛ ሁሉ ሻይ አለ?" ብለው ጠየቁ፤ እንደ ዋዛ።

"እንዴታ! ሰው ደጄን ረግጦ ጉሮሮው ደርቆ ይሂድ?"

"እርስዎስ ከሁሉም ጋር ይጠጣሉ?"

"እንግዳ ብቻውን ይጠጣል እንዴ ዶክተር? ነውር አይደለም? ሰውየው እየጠጣ እኔ እጄን አጣጥፌ አፍ አፉን ልየው?"

"ልክ ነው" አሉ ዶክተር። "ከፈቀዱልኝ ጣትዎን ልያት?"

አቶ ሸረፋ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ዛሬ? ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው" አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የወይዘሮ ሙኒራ ድምፅ መጣ። "ስጣቸው አንተ ሰውዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ አፌ ደረቀ እኮ!" አቶ ሸረፋ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወጋሁ። ሦስት መቶ አርባ ስድስት።

ቁጥሩን ለዶክተር አሳየኋቸው። መንገድ ላይ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል። አቶ ሸረፋ ቁጥሩን ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

"ማክሰኞ የእርስዎ ቀን ነው፣ ዶክተር። ከቅዳሜ ማታ ጀምሬ እዘጋጃለሁ። ሻይ የለ፣ ዳቦ የለ፤ ጎመን ብቻ። ሰኞ ሱቅም አልከፍት፣ ሰው እንዳይመጣብኝ። ክኒኑንም በነዚያ ቀናት አላዛንፍም። እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አስጨብጭበውልኝ ሲያበቁ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ መጥፎ ቁጥር ይዤ መጥቼ ላሳፍርዎት? ወላሂ ከዚያስ ባልመጣ ይሻለኝ ነበር።"

"ሆስፒታልም ሲሄዱ እንደዚሁ?"

"ሰው ፊት እንዴት ሆነው ነው የሚቀርቡት? ተዘጋጅቼ ነው እንጂ።"

እኔ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ያጠብኩት ቁስል፣ ያን ሁሉ ጎዝ፣ ያን ሁሉ ጭንቀት! አፌን ልከፍት ስል ዶክተርን አየሁና ዋጥ አደረግሁት። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ ማክሰኞ እንኳ አይቼ አላውቅም። በርጩማውን አስጠግተው የአቶ ሸረፋን ጉልበት ያዙ።

"አቶ ሸረፋ፣ ደስ ይበልዎ! እግርዎ ሊተርፍ ይችላል!"

"ምን አሉ?"

"ስኳርዎ ጥሩ ሆኖ ያልዳነ ቁስል ቢሆን የማደርገው አልነበረኝም። ስኳርዎ መጥፎ ከሆነ ግን የማስተካክለው ነገር አገኘሁ ማለት ነው። እግርዎን ሊያስቆርጥ የነበረው ያ መቶ አሥራ ሁለት ነው!"

ወይዘሮ ሙኒራ መጋረጃውን ገልጠው ወጡና እዚያው ቆመው አለቀሱ። አቶ ሸረፋ አንዴ ዶክተርን አንዴ እኔን ያያሉ። ይቆጡኛል ያሏቸው ሐኪም ሊያቅፏቸው ደርሰዋል፤ ግራ ገባቸው።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ንዴቴን አወጣሁት። "አንድ ሽማግሌ ሰው እንዴት እንደዚህ ይዋሻል?" አልኩ። ዶክተር ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ማን አስዋሻቸው?" አሉ። "ራሳቸው ናቸዋ!" "አይደለም፣ ጽጌ። ጭብጨባው ነው። ጭብጨባውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ" አሉኝ። ይህን ሲሉ ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። በማግስቱ ለቀዶ ሕክምናው ሐኪም ደውለው ሁሉንም ነገሩት፤ ሐኪሙም ተጨማሪ ጊዜ ሰጣቸው።

አቶ ሸረፋ የኢንሱሊን መርፌ ጀመሩ። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ መርፌ የጀመረ ሰው አበቃለት የሚል ፍርሃት በሰፈሩ ሙሉ ነበር። እኔ ሆዴ ላይ ባዶ ሲሪንጅ ወግቼ ሳሳያቸው፣ "ይኼማ ጣቴን ከሚወጋኝ መርፌ አይብስም" ብለው ተቀበሉ። የሻዩን ነገር የፈቱት ወይዘሮ ሙኒራ ናቸው። ሻዩን ያለ ስኳር አፍልተው ስኳሩን ለብቻ በሳህን ማቅረብ ጀመሩ። ደንበኛው ለራሱ ጨምሮ ያማስላል፤ አቶ ሸረፋ ሳይጨምሩ ያማስላሉ። እንግዳም ብቻውን አልጠጣ፣ ነውርም አልመጣ።

ፔዳሉ ግን የግድ መተው ነበረበት። እሱንም ባለቤታቸው ያዙት። አቶ ሸረፋ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ይቆርጣሉ፤ ወይዘሮ ሙኒራ ይሰፋሉ። "እጥፋቱ ጠሞብሻል" ሲሏቸው፣ "እግርህ ሲድን ና አቅናው" ይሏቸዋል። ቁስል ላጥብ ስሄድ ይህን ጭቅጭቅ መስማት ያስደስተኝ ነበር።

ዶክተር ሀብቴ ግን በአንድ ሰው አልረኩም። ሌሎቹንስ? ታካሚዎቹን አስፈቅደን ባልተቀጠሩበት ቀን ቤታቸው እየሄድን ለካን። ብዙዎቹ እንደ አቶ ሸረፋ ነበሩ። አንዱ ከእሑድ ጀምሮ የአብሽ ውሃ ብቻ ይጠጣል። አንዷ የሳንሱሲ ሰፈር እናት የጸሎት ጾሟን ሆን ብላ ሰኞ ላይ አድርጋዋለች፤ "ለጌታም ለዶክተርም በአንድ ቀን" አለችን። ማንም ለክፋት ያደረገው የለም። የሚወዱት ሐኪም ክፍል ባዶ እጅ መግባት ከብዷቸው ነው።

በዚያው ሰሞን ዶክተር ሀብቴ በአንድ ትልቅ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ ስለ ክፍላችን ጥናት ሊያቀርቡ ተይዞላቸው ነበር። የደከሙበት ጽሑፍ ነው፤ በሰፈር ክፍል ስኳርን መቆጣጠር እንደሚቻል የሚያሳይ። ማስረጃው የማክሰኞ ቁጥሮች ናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ለቀቁት። ጽሑፉን ትተው ስለ ጭብጨባው አቀረቡ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። "ታካሚዎቼን ስኳር ማስተካከል ያስተማርኳቸው መስሎኝ ነበር፤ ያስተማርኳቸው ማክሰኞን ነው" ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አዝኜላቸው ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ ሲያልቅ ጠብቀው፣ "አሁን የምጠይቃችሁ የእናንተ ቁጥር የየትኛው ቀን እንደሆነ ነው" አሉ። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ።

ጭብጨባው ቀረ። ክፍላችን ለጥቂት ወራት የሐዘን ቤት መሰለ። "ምን አጠፋን?" የሚሉ ነበሩ፤ አኩርፈው የቀሩም ነበሩ። ዶክተር በየቤታቸው እየሄዱ መለሷቸው። ቁጥር ሲያዩም "ጎበዝ" ማለት ተዉ። "ምን ገጠመዎት?" ይላሉ፤ ለጥሩውም ለመጥፎውም በአንድ ዓይነት ድምፅ። እኔ ይህን ድምፅ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ፊቴ ያሳብቃልና።

የአቶ ሸረፋ ስኳር ቀስ በቀስ ወረደ። የቁስሉ ዳር ቀላ፣ አዲስ ሥጋ መሙላት ጀመረ። አጥንቱ የተበላው አውራ ጣት ግን አልተረፈም። ያው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጣቱን ብቻ አነሳ። እግራቸው ከነተረከዙ፣ ከነቁርጭምጭሚቱ ቀረላቸው። ጠባሳው ሲደርቅ ወደ ፔዳላቸው ተመለሱ፤ ወይዘሮ ሙኒራ ግን ሌላ የመስፊያ መኪና አስገዝተው ጎን ለጎን መስፋት ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማክሰኞ አቶ ሸረፋ ገቡ። አግዳሚው ሞልቷል። ጣታቸውን ሳልነካ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሲስተርዬ፣ ዛሬ ብዙ ነው የሚልሽ። ልጄን ድሬ ነው የመጣሁት፤ ሙሽሪት ያጎረሰችኝን ሁሉ በልቻለሁ" አሉ። ለካሁ፤ ሁለት መቶ ሰባ አንድ። "አላልኩሽም?" አሉና ከት ብለው ሳቁ። ዶክተር ሀብቴ ከጠረጴዛቸው ተነስተው መጡ፤ የአቶ ሸረፋን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ" አሏቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። የእኔም።

ዶክተር ሀብቴም እኔም አሁን ጡረታ ላይ ነን። ክፍሉን ለተረከቡት ነርሶች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ታካሚ መጥፎ ቁጥሩን ሳያፍር ይዞላችሁ ካልመጣ፣ ልታክሙት አትችሉም።